ደሙ አልረጋም ካለ፦ ዲአይሲን ከአልጋው ዳር መለየትና ማከም

ነሐሴ ውስጥ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው አጠገቤ የቆመችው ተማሪ የምትለው እንኳ በደንብ አይሰማኝም። እናቲቱን ባሏና ወንድሟ እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ ተሸክመው፣ ከዚያ አምቡላንስ አምጥቷታል። አምስተኛ እርግዝናዋ ነው፤ ስምንት ወር አልፏታል። ሆዷን ስነካው እንደ ጣውላ ደርቋል። የፅንሱን የልብ ምት ብፈልግ የለም። ከታች የሚፈሰው ደም ግን ይህን ያህል አልነበረም፤ አንድ ፎጣ ቢያርስ ነው። ግፊቷን ለካሁ፤ 120 በ80። «ግፊቷ ደህና ነው፤ ደሙም ትንሽ ነው» ብዬ ተረጋጋሁ። ያ መረጋጋቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) አስገባሁላት። በፕላስተሩ ሥር ደም ይንጠባጠብ ጀመር። ጥጥ ደርቤ ፕላስተሩን ቀየርኩ። ቆይቶ ጥጡ ራሰ፤ እንደገና ቀየርኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስቀይር ተማሪዋ «ሲስተር፣ ቅድም ስተን የወጋነው ቦታም እየደማ ነው» አለችኝ። አሁንም አልገባኝም፤ ካኑላው ደህና አልገባም ብዬ ከራሴ እጅ ጋር ነበር የምጣላው። ነገሩን ያነቃው የላብራቶሪያችን ጋሼ ነው። በስተርጅና ዘመኑ በዝናብ ውስጥ ሮጦ መጣና ቱቦውን ከአፍንጫዬ ሥር ደቀነው፤ «ምን ልሥራልሽ? ከላክሽልኝ ግማሽ ሰዓት ሆነው፤ ይሄው እንደ ውሃ ነው» አለኝ። ቱቦውን ሲያዘነብለው ደሙ ከጫፍ ጫፍ ፈሰሰ።

ይህን የምጽፈው ለደም በሽታ ስፔሻሊስቶች አይደለም፤ እነሱ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ፋይብሪኖጅን (ደም የሚያረጋው ፕሮቲን) የሚለካ ማሽን በሌለበት፣ ሪፈር የሚባልበት ሆስፒታል ሦስት ሰዓት በሚርቅበት ቦታ ዲዩቲ ለምትገቡ አዋላጆች፣ ጤና መኮንኖችና ኢንተርኖች ነው። ቤተሰባችሁ ታሞ «ዲአይሲ ነው» የተባላችሁም ብታነቡት ሐኪሙ ምን እያሳደደ እንደሆነ ይገባችኋል። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ምህጻር ነው፤ በአማርኛ «በመላው የደም ሥር የተሠራጨ የደም መርጋት» ብንለው ያስኬዳል። ሦስቱን ፊደላት «ሞት እየመጣ ነው» ብለው የሚፈቱ የእንግሊዝኛ ቀልደኞች አሉ። እኔ ቀልዱን አልወደውም፤ የሰማው ተማሪ እጁን አጣጥፎ ይቆማላ።

ጎተራው እንዴት ይራቆታል

ሰውነት ደም የሚያረጋበት ስንቅ እንደ ጎተራ እህል ልክ አለው። ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላ ጣታችሁን ቢያገኘው ከጎተራው አንድ እፍኝ ይወጣል፤ ቀዳዳው ይደፈናል፤ በዚያው ያልቃል። በዲአይሲ ጊዜ ግን ቲሹ ፋክተር የሚባለው የመርጋት ቀስቃሽ ወደ ደም ዝውውሩ በብዛት ይገባል። ከተቀደደ የእንግዴ ልጅ፣ ከተቀጠቀጠ ሥጋ፣ ከካንሰር ህዋስ ወይም በኢንፌክሽን ከተቆጡ ነጭ የደም ህዋሳት ሊመጣ ይችላል። ትሮምቢን የሚባለው ኢንዛይም በየቦታው ይፈጠራል፤ ፋይብሪኖጅንን ወደ ፋይብሪን ክር ይለውጠዋል፤ ክሩ ፕላትሌት የሚባሉትን ለመርጋት የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ህዋሳት እያጠመደ በኩላሊት፣ በሳንባ፣ በአንጎልና በቆዳ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ጥቃቅን የረጋ ደም ይሠራል። ጎተራው ለማንም በማይጠቅም ድግስ አለቀ ማለት ነው። የእውነት ቀዳዳ ሲመጣ፣ ለምሳሌ እንግዴ ልጅ የተነቀለበት ሰፊ ቁስል፣ የሚሰጠው የለም።

በዚህ ላይ ሰውነት የረጋውን ለማሟሟት ይነሣል። ከሚሟሟው ፋይብሪን የሚወጣው ፍርፋሪ፣ ከእሱም አንዱ ዲ-ዳይመር ነው፣ አዲስ ክር እንዳይጠነክር ያደናቅፋል፤ የማህፀንንም መኮማተር ያዳክማል። ስለዚህ አንዲት እናት በአንድ ሰዓት ውስጥ ኩላሊቷ በረጋ ደም ሲታፈን ማህፀኗ ባልረጋ ደም ሊፈስ ይችላል። ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «መርጋት ነው ወይስ መድማት?» ብለው ነው። ሁለቱም ነው፤ መድማቱ የመርጋቱ ጦስ ነው።

ዲአይሲ ራሱም እንዲሁ የሌላ በሽታ ጦስ ነው። ለብቻው አይመጣም። በካርድ ላይ «ዲአይሲ» ብላችሁ ጽፋችሁ «በምን ምክንያት» የሚለውን ባዶ ከተዋችሁት ምርመራችሁ አላለቀም።

ማንን ስታዩ ትጠርጥሩ

በእኛ ወሊድ ክፍል ቀዳሚው የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅ ነው። ደሙ ከእንግዴ ልጁ ጀርባ ተደብቆ ይጠራቀማል፤ በፎጣ የምታዩት ደም ከጠፋው ጋር አይገናኝም። ፅንሱ ሞቶ ከደረሰች ደግሞ መላቀቁ ሰፊ ነው ማለት ነው፤ ከእነዚህ እናቶች ሲሦ ያህሉ የደም መርጋት ችግር ይገጥማቸዋል። የእኔዋ እናት የክትትል ካርዷ ከነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ኋላ ሲገኝ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የተለካው ግፊቷ 170 በ110 ነበር። 120 በ80 ለእሷ ደህና ሳይሆን የወደቀ ግፊት ነበር! የልብ ምቷ 124 ነበር፤ ጽፌዋለሁ፤ ግን አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የልብ ምቱን ለላይኛው ግፊት አካፍላለሁ። ከ0.9 ካለፈ እደነግጣለሁ። የሷ ከ1 በላይ ነበር።

ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ያላት፣ በተለይም ጉበቷ ተነክቶ ፕላትሌቷ የወረደ፣ ማህፀኗ የተመረዘባት፣ እነዚህን ሁሉ በዚሁ ዓይን ተመልከቱ። ሽርት ውሃ ወደ ደም ሲገባ የሚመጣው ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ፋታ አይሰጥም፤ በምጥ ላይ የነበረችው ድንገት ትንፋሽ ያጥራታል፣ ግፊቷ ይወድቃል፣ ከዚያ መድማት ይከተላል። በማህፀን የሞተ ፅንስ ደግሞ በተቃራኒው ቀስ ብሎ ነው የሚያመጣው፤ አራት ሳምንት ገደማ ካለፈው አደጋው ይጨምራል። «ራሱ ይወርዳል» ተብላ ቤቷ ተቀምጣ የከረመች እናት ስትመጣ ማዋለዱን ከመጀመራችሁ በፊት የደሟን መርጋት እዩ።

ከወሊድ ክፍል ውጪ በዓለም ላይ ዋነኛው መንስኤ ሴፕሲስ (መላ ሰውነትን የሚያናጋ ኢንፌክሽን) ነው። ማጅራት ገትር ከነሐምራዊ ሽፍታው ሲመጣ ከሁሉም ይከፋል። ከባድ ወባም አለ። በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ግርሻ እኛ አገር ዛሬም አልጠፋም፤ ተፋፍገው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ከትኩሳት ጋር ነስር ይዘው ሲመጡ የደም ፊልሙን የምታነብ ጥሩ ዓይን ካለች ተጠማዛዡን ተህዋስ ታገኘዋለች። የመኪና አደጋ፣ ሰፊ ቃጠሎ፣ የጣፊያ ሳይሆን የቆሽት ከባድ ብግነት (ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው)፣ ተሳስቶ የተሰጠ የማይስማማ ደም። ካንሰር፤ ከእነሱም የደም ካንሰር ዓይነት የሆነው ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኬሚያ ዲአይሲ ይዞ የመምጣት ልማድ አለው።

የእፉኝት ንክሻን ለየት አድርጌ አየዋለሁ። መርዙ ራሱ ፋይብሪኖጅኑን ስለሚበላው ደሙ አይረጋም፤ መልኩ ከዲአይሲ ጋር ቢመሳሰልም መድኃኒቱ የመርዝ ማርከሻው ነው። ማርከሻ ሳይሰጥ ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ማፍሰስ ለመርዙ ተጨማሪ ቀለብ እንደማቅረብ ነው።

የጭብጥ ምርመራው

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልጋችሁ የመስታወት ቱቦ፣ ሰዓትና የራሳችሁ ጭብጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእናቶች ሕክምና ባወጣው መመሪያ ውስጥ ያለ ነው፤ የእኔ ፈጠራ አይደለም።

ንጹሕና ደረቅ፣ ምንም ያልተጨመረበት ትንሽ የመስታወት ቱቦ አዘጋጁ፤ አፉ 10 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 75 ሚሊሜትር ገደማ። ከደም ሥር 2 ሚሊሊትር ደም ቅዱና በቱቦው ግድግዳ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ሰዓቱን ጻፉ። ሰዓቱን አስባለሁ አትበሉ፤ እጃችሁ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት፤ የሚደማ ሰው ፊት ሁለት ደቂቃ አሥር ይመስላል፣ አሥሩም ሁለት። ቱቦውን በጭብጣችሁ ያዙ፤ የሰውነት ሙቀት ነው የሚፈለገው። በብርድ ሌሊት ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት የጤነኛም ደም ይዘገያል። አትነቅንቁት።

4 ደቂቃ ሲሞላ ቱቦውን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉ። ከዚያ በኋላ በየደቂቃው። ጤናማ ደም በመጀመሪያ ጠርዙ ላይ ይሰንፋል፤ ማር ይመስላል። ቀጥሎ እንደ ረጋ እርጎ ይቆማል፤ ቱቦውን ብትገለብጡት እንኳ አይወርድም። 7 ደቂቃ አልፎ ካልረጋ፣ ወይም ረግቶ ስታዘነብሉት እንደ ቀጠነ አጥሚት የሚፈራርስ ከሆነ፣ ወረቀት አትጠብቁ። የመርጋት ችግር አለ ብላችሁ ሥራ ጀምሩ።

ሦስት ስህተት በዓይኔ አይቻለሁ። አንደኛው የፕላስቲክ ቱቦ መጠቀም ነው። መስታወት ራሱ መርጋትን ይቀሰቅሳል፤ ተራ ፕላስቲክ አይቀሰቅስም፤ ስለዚህ ጤነኛዋን ታማሚ ያደርጋታል። ቀይ ክዳን ያለው የላብራቶሪ ፕላስቲክ ቱቦ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ማርጊያ ዱቄት ስላለበት የታመመችውን ደህና ሊያስመስላት ይችላል። (የጋሼ ቱቦ ይህ ሁሉ እያለበት ነው ያልረጋው፤ ምን ያህል እንደዘገየን ገምቱ።) ሁለተኛው ግሉኮስ ወይም ሳላይን በሚወርድበት ክንድ ደም መቅዳት ነው። ሦስተኛው ቱቦውን በሳሙና አጥቦ በደንብ ሳያለቀልቁ ማስቀመጥ።

ለእባብ ንክሻ የሚሠራው ምርመራም የዚሁ ወንድም ነው፤ ልዩነቱ 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቆምና አንድ ጊዜ ይዘነበላል። ሁለቱን ሰዓቶች አታምታቱ።

ምርመራውን አንድ ጊዜ ሠርቶ መተው የለም። ደም እየሰጣችሁ በየሰዓቱ ብትደግሙት ሕክምናው እየያዘ መሆኑን ያሳያችኋል። እስከዚያው ዓይናችሁ አይረፍ፦ የካኑላ ቦታ፣ ድድ፣ አፍንጫ፣ የሽንት ከረጢት፣ ግፊት መለኪያው የታሰረበት ክንድ ላይ የሚወጡ ነጠብጣቦች። ከማህፀን የሚወርደውን ደምም እዩት። አልጋው ላይ ጓል ጓል ሆኖ የሚረጋ ደም ብዙ ቢሆንም ተስፋ አለው፤ ምንም ሳይረጋ የሚወርድ ቀጭን ደም ግን ከመጠኑ በላይ ያስፈራኛል።

ላብራቶሪ ላላችሁ

ዓለም አቀፉ የትሮምቦሲስና ሄሞስታሲስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የነጥብ አሰጣጥ አለ። የሚጀምረው በጥያቄ ነው፤ ዲአይሲ የሚያመጣ በሽታ አለ ወይ? ከሌለ ነጥብ መቁጠሩ አይጀመርም። ካለ፣ ፕላትሌት ከ50 ሺህ በታች 2 ነጥብ፣ ከ50 እስከ 100 ሺህ 1 ነጥብ። ዲ-ዳይመር መጠነኛ ጭማሪ ካሳየ 2፣ በጣም ከጨመረ 3። ፒቲ የሚባለው የመርጋት ጊዜ ከተለመደው ከ3 እስከ 6 ሰከንድ ከዘገየ 1፣ ከ6 ሰከንድ በላይ ከዘገየ 2። ፋይብሪኖጅን በሊትር ከ1 ግራም በታች ከሆነ 1። ድምሩ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግልጽ ዲአይሲ ነው። ካልሞላ በሚቀጥለው ቀን ወይም በሁለተኛው ይደገማል።

ለነፍሰ ጡር ይህ ሰንጠረዥ ብቻውን ያሳስታል። በእርግዝና መጨረሻ ፋይብሪኖጅን በተፈጥሮው ከፍ ብሎ ከ4 እስከ 6 ግራም ይደርሳል፤ ዲ-ዳይመርም ያለ ሕመም ይጨምራል። ስለዚህ የላብራቶሪው ወረቀት ፋይብሪኖጅን 2 ብሎ አጠገቡ «ኖርማል» ቢል አትመኑት፤ ለምትደማ እናት 2 የአደጋ ደወል ነው። 1 እስኪደርስ መጠበቅ ጎተራው እስኪጠረግ መጠበቅ ነው።

ከአንዱ ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይናገራል። ጠዋት 240 ሺህ የነበረ ፕላትሌት ከሰዓት 110 ሺህ ከሆነ፣ ቁጥሩ ገና «ደህና» ቢመስልም ሩጫው ወደ ታች ነው። በየ4 እስከ 6 ሰዓት ደግሙት። ሰማያዊ ክዳን ያለውን ቱቦ እስከ ምልክቱ ሙሉት፤ ውስጡ ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሲትሬት አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ደም ተብሎ የተለካ ነው፤ ደሙ ሲያንስ ፒቲ በውሸት ይረዝማል። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ ትንሽ እንኳ ከረጋ ደግሞ ፕላትሌቱ በውሸት ይወርዳል። ጋሼ ማሽኑ የሰጠውን ዝቅተኛ ፕላትሌት በደም ፊልም ሳያረጋግጥ አይልክም ነበር፤ የተቆራረጡ ቀይ ህዋሳትንም ያየው በዚያው ነው። ፕላትሌቱ ወርዶ፣ ቀይ ህዋሳቱ ተቆራርጠው፣ ፒቲው ግን ምንም ካልተነካ ቲቲፒ የሚባል ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ፕላትሌት ለመስጠት አትቸኩሉ፤ ከፍ ያለ ሐኪም አማክሩ። ጉበቱ የደከመ ሰውም ዲአይሲን በደንብ ይመስላል፤ የቆየ ቁጥር ካላችሁ አነጻጽሩ፤ የጉበቱ እንደዚህ በሰዓታት አይገለባበጥም።

ሕክምናው፦ ከምንጩ ይጀምራል

ያን ሌሊት የሠራነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ የሳትነውን ጨምሬ።

ሰው ጠራን። አንድ ሰው ቱቦውን ይይዛል፣ አንዱ ደም ለማምጣት ይሮጣል፣ አንዱ ይጽፋል። ሁለት ሰፋፊ ካኑላ፣ ኦክሲጅን፣ የሽንት ካቴተር። ብርድ ልብስ! የቀዘቀዘ ሰው ደሙ አይረጋም፤ እናቲቱ በዝናብ ርሳ መጥታ ግማሽ ሰዓት በእርጥብ ቀሚሷ ተኝታ ነበር። ይህም የእኔው ጥፋት ነው።

ሽርት ውሃውን አፈሰስንላትና በግሉኮስ ውስጥ ምጥ የሚያፋጥነውን ኦክሲቶሲን ጀመርን። እንግዴ ልጁ ማህፀን ውስጥ እስካለ ድረስ የመርጋት ቀስቃሹ ወደ ደሟ መግባቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ማዋለዱ ራሱ ሕክምናው ነው። ፅንሱ ከሞተና እናቲቱ መቋቋም ከቻለች በማህፀን በር መውለዷ ይመረጣል፤ ደሙ የማይረጋን ሰው ሆድ መቅደድ ሌላ የሚደማ ቁስል መጨመር ነው። የግድ ኦፕሬሽን ካስፈለገ ከወገብ የሚሰጥ ማደንዘዣ አይሆንም፤ አከርካሪ ውስጥ ቢደማ ሽባ ሊያደርጋት ይችላል። ሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚሰጠው።

ደም። በማቀዝቀዣችን ሁለት ከረጢት ነበር። ሁለቱንም ሰጠን። ወንድሟና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ዓይነቱ ገጥሞላቸው፣ ደማቸው ተመርምሮ፣ ትኩስ ሙሉ ደም ሰጡ። ትኩስ ሙሉ ደም ቀይ ህዋሱንም ፕላዝማውንም የሚሠራ ፕላትሌቱንም አንድ ላይ ይዞ ስለሚመጣ፣ ተለይቶ የተዘጋጀ ደም በሌለበት ቦታ ከእሱ የተሻለ የለንም። የቸኮለ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ክሮስማቹን (የሰጪውና የተቀባይዋ ደም መስማማቱን የሚያሳየውን ምርመራ) ሳትሠሩ አትስጡ። የማይስማማ ደም ራሱ ዲአይሲ ያመጣል ብዬ የለ?

ተለያይቶ የተዘጋጀ ያላችሁ፣ ለሚደማ ሰው ፕላዝማ በኪሎ 15 ሚሊሊትር ነው መነሻው። 55 ኪሎ ለምትመዝን እናት 825 ሚሊሊትር፣ አራት ከረጢት ገደማ። የቀዘቀዘ ፕላዝማ ለመሟሟት ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ ቀድማችሁ አስነሡት። ፋይብሪኖጅኑ ከዚህ በኋላም ከ1.5 በታች ከሆነ፣ ለወላድ ደግሞ ከ2 በታች ከሆነ፣ ክራዮፕሪሲፒቴት (ፋይብሪኖጅን የተከማቸበት የፕላዝማ ክፍል) ይሰጣል። ፕላትሌት ለሚደማ ሰው ከ50 ሺህ በታች ሲሆን ይሰጣል። የማይደማውን ሰው ቁጥሩን ለማሳመር ብላችሁ አትሙሉት፤ እሱ ፕላትሌት የሚያስፈልገው ከ20 ሺህ በታች፣ እንዲያውም ወደ 10 ሺህ ሲወርድ ነው።

ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው መድኃኒት፣ ብዙ ክርክር ያለበት ነው። ዲአይሲ ላይ በጥቅሉ አይመከርም፤ ጥቃቅኑ የረጋ ደም በየአካሉ ተቀርቅሮ እያለ ማሟሟቱን ይከለክላልና። ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ከ20 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ዎማን የተባለው ጥናት ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ ተዘግቷል፦ በ3 ሰዓት ውስጥ 1 ግራም በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ቀስ ብሎ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ካላቆመ ሌላ 1 ግራም። ከ3 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። የእኛ እናት እንግዴ ልጁ እንደወጣ ወስዳለች።

ሳላይን እንደ ውሃ ማፍሰስ የድሮ ልማዳችን ነው። ግፊቷ ሲወድቅ ደም እስኪመጣ መስጠታችሁ አይቀርም፤ ግን እያንዳንዱ ሊትር የቀረችውን የመርጊያ ስንቅ ያቀጥናታል። ብዙ ከረጢት ደም ከሰጣችሁ ካልሲየምን አትርሱ፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሲትሬት የእናቲቱን ካልሲየም ያሥራል፤ ያለ ካልሲየም ደም አይረጋም፤ ልብም አይበረታም። 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊሊትር ቀስ ብሎ፣ ደም በሚወርድበት መስመር ሳይሆን በሌላው።

የጡንቻ መርፌ አትውጉ፤ ቦታው በደም ያብጣል። ለሕመሟ ብላችሁ ዳይክሎፌናክ አትስጡ፤ ፕላትሌት ያሰንፋል። ሄፓሪን፣ መርጋትን የሚከለክለው መድኃኒት፣ ለምትደማ እናት በጭራሽ። ሄፓሪን ቦታ ያለው መርጋቱ ገዝፎ በወጣበት ነው፤ ካንሰር ኖሮበት በእግሩ ደም ሥር ውስጥ ደም የረጋበት፣ ጣቶቹ የጠቆሩ፣ ወይም አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ተኝቶ የማይደማ ሕመምተኛ በመከላከያ መጠን። እሱም በሐኪም ውሳኔ።

ለሴፕሲሱ ታማሚ «እንግዴ ልጁ» ኢንፌክሽኑ ነው። አንቲባዮቲኩ በመጀመሪያዋ ሰዓት፤ መግል ካለ ይውጣ፤ የተመረዘ ማህፀን ይጠረግ። ለፕሮማይሎሳይቲክ ሉኬሚያው አትራ የሚባል ክኒን አለ፤ በጥርጣሬ ብቻ ይጀመራል፤ ስለዚህ ሪፈሩ ለነገ አይባልም። ግርሻ ላለበት አንቲባዮቲኩ በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርድ ብርድ ብሎት ግፊቱ ሊወድቅ ስለሚችል መድኃኒት ውጦ ይሂድ አይባልም፤ ያድራል።

ሪፈር ስትሉ

ደሙ ሳይረጋ አምቡላንስ ላይ ማሳፈር እኔን ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል። ፅንሱ ከሞተና ምጧ ከገፋ አዋልዶ መላክ ይሻላል። የምትላኩ ከሆነ ደም እየወረደላት፣ አንድ የመስታወት ቱቦ በኪሷ ከያዘች አዋላጅ ጋር ትሂድ። ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ፤ ተቀባዩ ሆስፒታል ፕላዝማውን በመንገድ ላይ ሳላችሁ እንዲያስነሣ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ፒፒኤች» (ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም) ብቻ ጽፎ መላክ በደል ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ተጽፋ የመጣችን እናት ለሃምሳ ደቂቃ የማህፀን በሯ ተቀዶ እንደሆነ ስናስስ ቆይተናል። ቱቦው ስንት ሰዓት ላይ እንዳልረጋ፣ ስንት ከረጢት እንደወሰደች፣ ትራኔክሳሚኩ የተሰጠበትን ሰዓት፣ ሽንቷ በሰዓት ስንት እንደሆነ ጻፉ። ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊሊትር ሲያንስ ኩላሊቷ አደጋ ላይ ነው።

የእኔዋ እናት ከሌሊቱ ስምንት ተኩል ላይ ወለደች። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ጀርባው ላይ ሁለት ጭብጥ የሚሞላ የጠቆረ ደም ነበረበት። ማህፀኗን እያሸን፣ በኮንዶም የተሠራ ፊኛ ውስጧ ሞልተን፣ አራተኛው ከረጢት ሲያልቅ ቱቦውን ተማሪዋ ያዘችው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ «ሲስተር እዪው፣ ቆሟል» አለች። ገለበጠችው፤ አልፈሰሰም። ምንጩ ከተወገደ ፋይብሪኖጅኑ በአንድ ቀን ውስጥ ያገግማል፤ ፕላትሌቱ ግን ቀናት ይፈልጋል። እሷም በአምስተኛው ቀን ነው መቶ ሺህን ያለፈችው።

ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ተጎድታባት ጡቷ ሳያግት ሊቀር፣ የወር አበባዋም ላይመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ከመሸኘታችሁ በፊት ጠይቁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጡቷ አግቶ ቀሚሷን አርሶት አገኘኋት። እኔ በውስጤ «ተመስገን፣ ዕጢዋ ደህና ናት» አልኩ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ጡቷን በመቀነት ሳይሆን በልኩ በሆነ ጡት መያዣ ደግፌላት፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጌላት፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

አሁን በወሊድ ክፍላችን ከኦክሲቶሲኑ ማቀዝቀዣ በላይ ባለው መሳቢያ ስድስት የመስታወት ቱቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ በላዩ «4 ደቂቃ፣ 7 ደቂቃ» የሚል ፕላስተር ተለጥፎበታል። ሰኞ ሰኞ እቆጥራቸዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ነው የማገኘው፤ ስድስተኛውን ማን እንደሚወስደው እስካሁን አልደረስኩበትም።